ነጩን በሬ ቀይ ላስቀቡኝ አለቃዬ

ለተከበሩ አቶ ኦጅዎክ
የላሎብ ጌምስ መሥራችና ዋና ሥራ አስኪያጅ
ጁባ ና ባሪ ሰፈር፣ ጁባ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ፣ ለቤተሰብዎ ጤናና ከሁላችን ጤና ይልቅ ዘወትር ለሚያሳስብዎ ለቢሮው ጄኔሬተር ጤና ያለኝን መልካም ምኞት በታላቅ ትሕትና አቀርባለሁ። የጁባ ሙቀት እንዳይነካዎ፣ የክፍልዎ ኤሲ እንዳይጠፋብዎ፣ ኢንቨስተሮችዎ በሚልኩት ኢሜይል ሁሉ ፊትዎ እንዲፈካ እመኛለሁ። እኔም እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ከዓይኔ መቅላትና ከቀኝ እጄ አንጓ ሕመም በቀር ምንም የለብኝም፤ እነዚህም ቢሆኑ ባለፈው ሚቲንግ እንዳስረዱን የትጋት ምልክቶች ስለሆኑ አልማረርባቸውም።

ለማያውቁኝ አንባቢዎች፣ ምናልባትም ለእርስዎ፣ ራሴን ላስተዋውቅ። ስሜ ያር ይባላል። በኩባንያዎ የጌም ሠዓሊ ነኝ። ከብቶችን እየነዱ አገር በሚያቋርጡበት የስልክ ጌማችን ላይ የሚራመዱት ላሞች፣ ወንዙ፣ ዛፎቹና ከበስተኋላ የሚታየው የጀበል ኩጁር ተራራ ከእኔ እጅ የወጡ ናቸው። ከሥራ ሰዓት ውጭ ደግሞ የራሴን ኮሚክ እሥላለሁ። ሰፈራችን ሸሪካት ውስጥ ሱቅ ያላት ጀውሀራ ገጾቹን ከፍሪጇ በላይ ባለው ግድግዳ ላይ ትለጥፍልኛለች፤ ሳሙናና ስኳር ሊገዛ የመጣ ሁሉ ቆሞ ያነባል፣ ማንበብ የማይችለው ሥዕሉን አይቶ ይጠይቃል። ይህን ደብዳቤ በአማርኛ የጻፍኩት እርስዎም እኔም በስደት አድገን ፊደል የቆጠርንበት ቋንቋ ስለሆነ ነው። በግልጽ ያወጣሁት ደግሞ በእንግሊዝኛ የጻፍኳቸው ኢሜይሎች እስከ ዛሬ መልስ ስላላገኙ ነው።

ነገሩ ሁሉ የሚጀምረው ከአጎቴ ከማቢዮር ነው። አጎቴ በወጣትነታቸው በጦርነቱ ምክንያት ወደ ኢትዮጵያ የተሰደዱ፣ እኔንም እዚያው ያሳደጉኝ፣ አሁን ከእኔ ጋር ሸሪካት የሚኖሩ ሰው ናቸው። በእኛ በዲንካዎች ዘንድ ወንድ ልጅ ለአቅመ አዳም ሲደርስ አባቱ በሬ ይሰጠዋል። ልጁ በበሬው መልክ ይጠራል፣ ቀንዱን እየቀረጸ ያሳድገዋል፣ ዘፈን ያወጣለታል። የአጎቴ በሬ ነጭ ስለነበረ እሳቸውም ማቢዮር ተባሉ፤ ማቢዮር ማለት ነጩ በሬ ማለት ነው። ሲሰደዱ ወንዙ ሞልቶ ነበርና በሬውን ማሻገር አልሆነላቸውም። ወዲያ ማዶ ቆሞ እያያቸው ትተውት ሄዱ።

ኮሚኬ የሚተርከው ይህንኑ ነው። እስካሁን የወጡት ምዕራፎች በሬው ገና ጥጃ ሳለ የነበረውን ብቻ ያሳያሉ። አድጎ፣ አንዱ ቀንዱ ወደ ፊት አንዱ ወደ ኋላ ታጥፎ፣ ነጭ ሆኖ ወንዙ ዳር የሚቆመው በመጨረሻው ምዕራፍ ነው። አጎቴ ደግሞ የዓይን ግፊት አለባቸው፤ አንደኛው ዓይናቸው ጠፍቷል። ጠብታው ያዘገየዋል እንጂ የጠፋውን አይመልስም ብሎ ሐኪሙ በግልጽ ነግሯቸዋል። ስለዚህ ከእኔ የፈለጉት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ "ያ ቢኒያ፣ አንቺ ልጅ፣ ፎቶ እንኳ የለኝም፤ ቶሎ ብለሽ ሣዪልኝና አንድ ጊዜ ልየው" አሉኝ። ይህን ለእርስዎ በቃልም በጽሑፍም አሳውቄ ነበር። እርስዎም ደረትዎ ላይ እጅዎን አድርገው በጣም ልብ የሚነካ ነው ስላሉኝ አመሰግናለሁ። ልብዎ ተነክቶ ምን እንዳደረጉ እንደሚከተለው በተራ እዘረዝራለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ጊዜዬ። ሲቀጥሩኝ የራሱ ፕሮጀክት ያለው ሠዓሊ እንደሚወዱ፣ ዓርብ ከሰዓት በኋላም ለግል ሥራችን እንደሆነ ነግረውኝ ነበር። ያቺን ዓርብ እስከ ዛሬ እጠብቃለሁ፤ ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይህ ነው። ዓርብ ሄደች፣ ቅዳሜ ተከተለቻት፣ ቀጥሎ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን እንደወጣሁ በቦዳ ቦዳ ሞተር የወንዙን ድልድይ ተሻግሬ ቢሮ መምጣት ግዴታ ሆነ። ምክንያቱም ኢንቨስተሮቹ ጀበል ኩጁር ላይ አንበሳ እንዲቆም ፈልገው ነበር። አቆምኩት። ከዚያ አንበሳው ሕፃናትን ያስፈራል ተባለ። አወረድኩት። ለዚህ የእሑድ ድካም ሶዳ ስለጋበዙን ሳላመሰግንዎት ማለፍ አልፈልግም፤ ለብ ያለ ቢሆንም ሶዳ ሶዳ ነው። የአጎቴን ዓይን ጉዳይ ደግሜ ሳነሳ ግን በሰው ሁሉ ፊት "ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም" ብለው መከሩኝ። ተረቱ እውነት ነው፣ ክቡር ሆይ። የዘነጉት ነገር ቢኖር አንደኛውን ዛፍ የምወጣው ለእርስዎ ፍሬ ለመልቀም መሆኑን ነው።

እዚህ ላይ አንባቢ እንዳይሳሳት አንድ ነገር ልናገር። ሥራዬን አልጠላም። የሣልኳት ላም ስክሪን ላይ መጀመሪያ እግሯን ያነሳች ቀን ከወንበሬ ተነስቼ ጮኼአለሁ። አንድ የቦዳ ቦዳ ነጂ ድልድዩ አጠገብ ተሳፋሪ እየጠበቀ ጌማችንን ሲጫወት አይቼ፣ ላሞቹን የሠራሁት እኔ ነኝ ብዬ ሳልናገር እዚያው ቆሜ አይቼዋለሁ። በዚህ ከተማ ውስጥ ሥዕል ሥሎ መኖር የሚቻል መሆኑን ያሳዩኝ እርስዎ ነዎት፤ ይህን የምጽፈው ያለ አሽሙር ነው። የሚያናድደኝም ለዚሁ ነው። የምወደው ሥራ የምወደውን ሌላውን ሥራ ሲበላብኝ ቆሜ እንዳይ ተደርጌአለሁ።

ሁለተኛ፣ ስለ በሬው። ቤታችን ያለችው ሶላር ከአንድ አምፖልና ከስልክ ያለፈ ስለማትችል፣ የበሬውን ንድፍ በምሳ ሰዓት በቢሮው ታብሌት ላይ እሠራ ነበር። አንድ ቀን ከኋላዬ ቆሙና "ያር፣ ይሄ በሬ ነፍስ አለው እኮ!" አሉኝ። እኔ ሞኟ ምስጋና መስሎኝ ቀኑን ሙሉ ስስቅ ዋልኩ። ለካ ዕቃ እየመረጡ ኖሯል። በሬ ካራጁ ይውላል ይባላል፤ የእኔም በሬ በሳምንቱ እስከነቀንዱ፣ እስከነስሙ በጌማችን ውስጥ የመንጋው መሪ ሆኖ ተሾመ። ለሹመቱ ምስጋናዬን አቀርባለሁ። ባለቤቱን መጠየቅ ግን በየትኛውም ሚቲንግ አጀንዳ ሆኖ አልቀረበም።

ሦስተኛ፣ ስለ ቀለሙ። ነጭ በሬ ፀሐይ ላይ በስልክ ስክሪን በደንብ አይታይም ተባለ፤ አንድ ኢንቨስተር ደግሞ ቀይ ሞቅ ያለ ቀለም ነው አለ። እናም ማቢዮርን ቀይ እንድቀባው ታዘዝኩ። ቀይ በሬ በእኛ ዘንድ ማልዋል እንደሚባል፣ ማቢዮርን ቀይ አድርጎ ማቢዮር ብሎ መጥራት ገበያ መሃል ፍየል ይዞ በግ ነው እንደማለት መሆኑን ለማስረዳት ሞከርኩ። እርስዎም የጨዋታ ተጫዋች ይህን አያውቅም ብለው አረጋጉኝ። ክቡር ሆይ፣ አልወቅስዎትም። እርስዎም እኔም ያደግነው አዲስ አበባ ነው፤ ከብትን ያወቅነው በላስቲክ በሚሸጥ ወተት ነው። እኔን የለየኝ ቤቴ ውስጥ የሚያርመኝ ሽማግሌ መኖሩ ብቻ ነው። እርስዎ ግን የሚያርምዎት ሰው በወር ደመወዝ ቀጥረው፣ አፏን ዘግተው ብሩሹን አስያዟት።

ቀይ መቀባት ደግሞ አንድ ቀን የሚያልቅ ሥራ አልነበረም። ሲራመድ ቀይ፣ ሲጠጣ ቀይ፣ ሲዋኝ ቀይ፣ አቧራ ሲነካው ቀይ። ይኸኛው ቀይ በዛ፣ ያኛው ሸክላ መሰለ እየተባለ ሲመላለስ ሳምንታት አለፉ። የአጎቴን ነጭ በሬ ልጨርስበት ባሰብኳቸው እሑዶች ሁሉ ያንኑ በሬ ቀይ ስቀባ ከረምኩ። ማምሻውን ቤት ስገባ አጎቴ በር ላይ ተቀምጠው "ደረሰ?" ይሉኛል። "ቡክራ" እላቸዋለሁ። ነገ ማለቴ ነው። እሳቸውም "ማሌሽ፣ ግድ የለም፣ በርቺ" ብለው ያጽናኑኛል። እኔን ያጽናኑኛል!

አራተኛ፣ ስለ አዲሱ ደንብ። በኩባንያው ዕቃ የተሣለ ማናቸውም ሥዕል የኩባንያው ንብረት እንደሆነና፣ ኮሚኬም ያለ ፈቃድ ሕዝብ በሚያየው ቦታ መለጠፍ እንደሌለበት የሚገልጸው ማስታወቂያ ደርሶኛል። ሕዝብ የሚያየው ቦታ የተባለው የጀውሀራ ፍሪጅ ከሆነ፣ ጀውሀራ ያለችውን በታማኝነት አደርሳለሁ፤ "የበሬው ጌታ ሽማግሌው ናቸው፣ አንቺ ሠዓሊያቸው ነሽ፣ ይሄ ሰውዬ ደግሞ ምን ቤት ነው?" ጥያቄው የእርሷ ነው፤ እኔ መልሱን ስፈልግ ስላጣሁ ለእርስዎ አስተላልፌዋለሁ።

የመጨረሻውን ምዕራፍ ጨርሼዋለሁ። በኩባንያው ታብሌት አይደለም፤ በወረቀትና በገዛሁት ቀለም ነው የሠራሁት፤ የጨረስኩበት ቀን ሥራ ቀርቼ ነበር፤ አሞኝ ነው ያልኩትም ውሸት ነበር። ሥዕሉን ይዤ ስገባ አጎቴ ወደ በሩ ብርሃን አዞሩት። አስጠጉት፣ አራቁት፣ እንደገና አስጠጉት። ከዚያ ወረቀቱን ጭናቸው ላይ አስቀመጡና "ነጭ ነው አይደል?" ብለው ጠየቁኝ። ያን ጊዜ ገባኝ። የቀረችው ዓይናቸው ብርሃንና ጥላ ከመለየት ሌላ አትችልም ነበር፤ እንዳላዝን ብለው ለስንት ጊዜ እንደደበቁኝ አላውቅም። ነጭ ነው አልኳቸው። ስለ ቀንዱ ጠየቁኝ። ጣታቸውን ይዤ ወደ ፊት በታጠፈው ላይ፣ ከዚያም ወደ ኋላ በታጠፈው ላይ አስኬድኩት። "ካላስ፣ በቃ፣ እሱ ነው" አሉ። ከዚያ ዘፈኑን በዝግታ ዘፈኑለት። እኔ ወጥቼ አለቀስኩ።

ዓይናቸውን ያጠፋው ኩባንያዎ አይደለም፤ ሕመም ነው። እኔ የምከስዎት በሬውን ሊያዩባቸው ይችሉ በነበሩት ሳምንታት ነው። እነዚያን ማንም አይመልስልኝም፣ እርስዎም ይመልሱ አልልም።

የምለው ይህን ያህል ነው። ሰኞ ጠዋት እንደተለመደው ጠረጴዛዬ ላይ እገኛለሁ፤ ላሞችዎን እሥላለሁ፣ ከፈለጉም አንበሳውን መልሼ ተራራው ላይ አወጣዋለሁ። ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ ቅዳሜና እሑድ ግን የእኔ ናቸው። ኮሚኩ በጀውሀራ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል፤ ማንሳት ከፈለጉ በአካል መጥተው ያንሱት፤ ሳሙና የሚገዛው ሕዝብ መንገድ ይለቅልዎታል ብዬ ግን ቃል አልገባም። ማቢዮር ወይ ነጭነቱ ይመለስለት፣ ወይ ስሙ ይመለስልን። ይህ ድፍረት ከሥራ የሚያስወጣኝ ከሆነም ደብዳቤውን በአማርኛ ቢጽፉልኝ ደስ ይለኛል፤ አጎቴ እንዳነብላቸው ይፈልጋሉና።

ስላስተማሩኝ ሁሉ፣ በተለይም የአንድ ሰው ትዕግሥት እስከ የት እንደሚዘረጋ ስለለኩልኝ፣ ከልብ እያመሰገንኩ፣ ለጄኔሬተሩ ረጅም ዕድሜ በመመኘት፣

የእርስዎ ታዛዥ፣ ከዓርብ ቀትር እስከ እሑድ ምሽት ግን የማንም ታዛዥ ያልሆነች፣
ያር፣ ከሸሪካት

ማስታወሻ፦ ጌማችን ሰፈራችን ውስጥ በጣም ተወዷል፣ እንኳን ደስ ያለዎት። የጎረቤት ልጆች በራችን ላይ ተሰብስበው ሲጫወቱ "ማቢዮር! ማቢዮር!" እያሉ ይጮኻሉ። አጎቴም ወንበራቸው ላይ ሆነው ስሙን በሰሙ ቁጥር ፈገግ ይላሉ፤ በሬያቸው በየልጁ እጅ ላይ ነጭ ሆኖ የሚሄድ ይመስላቸዋል። ቀይ መሆኑን እስካሁን የነገራቸው የለም፤ ልጆቹም ማቢዮር ማለት ነጭ እንደሆነ አያውቁም፣ እኔም አፌ አልቻለም። እርስዎ ቢሮው ፋታ ሲሰጥዎት አንድ ቀን ብቅ ብለው ቢነግሯቸው እወዳለሁ፤ አይፍሩ፣ ማን እንደነገራቸው አያዩም።