«መጣህ»፣ «መጣሽ»፣ «መጡ»

ሜቲዬ፣

ሠራ! ሠራ እልሻለሁ! ብቻዬን እየጨፈርኩ ነው የምጽፍልሽ።

ኦቦ ገርባ የሎጃቸው ዌብሳይት «እንኳን ደህና መጣህ» ስላላቸው ተቆጥተው ሥራውን ሊነጥቁን ነበር አይደል? አንቺ እንዳልሽው ያን ታይፕ የምትይውን ደንብ ለሰርቨሩ ኮድ ጻፍኩለት፦ ሰላምታው «መጣህ»፣ «መጣሽ» ወይም «መጡ» ይሁን፣ አንዱም እንዳይቀር። ኮምፒውተሩ ወዲያው «መጡ» የረሳሁበትን ቦታ ሁሉ በቀይ አሰመረልኝ! ታይፕ ጊዜ ማባከን ነው ብዬ የጮህኩብሽ...

በቃ፣ ሽሮ ሠርቼልሻለሁ።

ለእሳቸው ላሳይ ሶደሬ ሄጃለሁ። ውሃ ከመጣ ጀሪካኖቹን ሙዪ።

ከተጣላን ወዲህ እኔን «እርስዎ» ማለትሽ ግን ምን የሚሉት ነው? እኩያሽ አይደለሁ እንዴ! ማታ በር ስትከፍቺልኝ «መጡ እንዴ?» ብትይኝ በቀይ አስምሬ ኤረር ነው የምሰጥሽ።

«መጣሽ?» በይኝ።

ኦብሴ