ለጡት እናት የማይከፈተው በር

ይድረስ ለክቡር የዕጩ መኮንኖች አካዳሚ የወላጆች ጉዳይ ኃላፊ፤
ባሉበት።

ክቡር ሆይ፣ አስቀድሜ ከወገቤ ዝቅ ብዬ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ጤናዎ እንደ አካዳሚዎ የብረት በር የጸና፣ እንቅልፍዎም በማንም ባለጉዳይ የማይደፈር ይሆን ዘንድ ከልብ እመኛለሁ። የእኛን ጤና የጠየቁ እንደሆነ፣ ሙቀቱ እንደተለመደው ነው፤ ወባውም ዘንድሮ ተራ ጠብቆ ስለሚይዘን ቅር አላለንም። ባየልኝ ፈረደ እባላለሁ፤ ከኮኪት ወጣ ብሎ ሰሊጥና ማሽላ የማርስ ገበሬ ስሆን፣ በእጅዎ የምትሠለጥነው የዕጩ መኮንን ሮዳስ አባት ነኝ። አባቷ መሆኔ በፋይላችሁ ስላለ ቢያንስ በዚህ አንከራከርም።

ላመሰግንዎ የምፈልገው ሮዳስ ወደ እናንተ እንደገባች በስልካችን ስለላካችሁልን ምክር ነው። መልእክቱ ልጃችንን እንዴት መደገፍ እንዳለብን ያስተምራል። አሳድገን ለአካለ መጠን ያበቃናትን ልጅ መደገፍ አናውቅም ነበርና በጊዜው ደርሶልናል። ምክራችሁን ስንፈጽም የገጠመንን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ፤ ቁጥር የሌለው አቤቱታ መሥሪያ ቤት ውስጥ አይነበብም ሲሉ ሰምቻለሁ።

፩. «ሠልጣኟ ስትደውል አታልቅሱ፤ የቤት ችግርም አትንገሯት» ብላችኋል። ታዘናል። ዝናቡ ሲዘገይ በጊዜው ጣለ አልኳት። ትራክተሩ ማሳ መሃል ተበላሽቶ ሲቆም ሌት ተቀን እያረሰ ነው አልኳት። ወባ ጥሎኝ ከአልጋ ላይ ሆኜ ሳናግራት ደግሞ ድምፄ የተንቀጠቀጠው ከደስታ ብዛት ነው አልኳት። በዚህ ዕድሜዬ ውሸት ስላስተማራችሁኝ ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው። ልጅቱ ግን አልታለለችም፤ ይህን ያህል ደህና የሆነ ቤት አላውቅም ብላ ስቃብኛለች። ጠላትን የመሰለል ትምህርት በደንብ እንደምትሰጡ የተረዳሁት ያን ጊዜ ነው።

፪. ምግብ መላክ ክልክል መሆኑን ዘግይተን ነው የሰማነው። ጎረቤታችን ኩብራ፣ ከድንበሩ ማዶ ያሉት ሰዎች ሲምሲሚያ የሚሉትን፣ ሰሊጥ በስኳር የሚረጋውን ጣፋጭ ሠርታ በሰው ልካ ነበር። ጥበቃዎቻችሁ ለሠልጣኞች ጤና ሲሉ መቅመስ ነበረባቸው። እስከ መጨረሻዋ ፍርፋሪ ስለቀመሱት በጤንነቱ ላይ አሁን አንዳች ጥርጣሬ የለንም።

፫. ዋናው ጉዳዬ ይህ ነው። «በወላጆች ቀን መገኘት የሠልጣኙን ሞራል ይገነባል» ብላችሁ ቀኑን በጥቅምት አደረጋችሁት። ክቡርነትዎ ሰሊጥን የሚያውቁት ዳቦ ላይ ተነስንሶ ይሆናልና ላስረዳዎ፤ ሰሊጥ እንደ ማሽላ ቆሞ ሰው አይጠብቅም። ደርሶ ካልታጨደ አፉን ከፍቶ ፍሬውን መሬት ላይ ያራግፋል። ከሸሕዲ ያመጣኋቸው የወሎና የጎጃም አጫጆችም ባለማሳው ዞር ካለ ወደ ጎረቤት ማሳ ይሻገራሉ። ስለዚህ እኔ ቀረሁና እናቷን ላክኋት።

እናቷ ስል ኩብራን ማለቴ ነው። የወለደቻት ባለቤቴ አሰበች፣ ሮዳስ ክርስትና ሳትነሳ ነው ያረፈችው። ጎረቤታችን ኩብራ ያን ጊዜ ኡመይር የሚባል ወንድ ልጇን ታጠባ ነበር። ማንም ሳይጠራት መጥታ ሕፃኗን ከእጄ ተቀበለችኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ቀኝ ጡቷ የኡመይር፣ ግራ ጡቷ የሮዳስ ሆነ፤ ድንበር ላይ ያደጉ ልጆች ናቸውና አንዱ ወደ ሌላው አልተሻገረም። በእኛ ዘንድ የጡት ልጅ ልጅ ነው። ሮዳስና ኡመይር እህትና ወንድም ናቸው፤ መጋባት አይችሉም። በዚህ ነገር ቄሱም ሼሁም ቃላቸው አንድ ነው። ስለዚህ «ወላጅ ይምጣ» ሲባል ከኩብራ ሌላ እናት ያሰበ የቀዬው ሰው አልነበረም። ጥፋታችን ይኸው ነው።

ኩብራ ለዒድ የምትለብሰውን ቶብ ተከናንባ፣ ከጎንደር ወዲያ አልፋ የማታውቀውን መንገድ ተጉዛ ከበራችሁ ደረሰች። ጥበቃው በትሕትና የወለዷት እርስዎ ነዎት ወይ ሲል ጠየቃት። አዎ ብትል ኖሮ ትገባ ነበር። እሷ ግን መለዮ የለበሰ ሰው አይዋሽም፣ አይዋሽበትምም ብላ የምታምን ሴት ናትና «አልወለድኳትም፤ አጠባኋት እንጂ» አለችው። ጥበቃው ማጥባት የሚባል ዝምድና በፋይል እንደሌለ አስረዳት። እሷ ከአጥሩ ሥር ተቀምጣ ዋለች፤ ልጄም በውስጥ በኩል የሚገባውን ሰው ሁሉ እያየች ዋለች። ማታ ሁሉም ሲበተን ኩብራ ወደ መኪና ሄደች።

ቤት ስትደርስ አላማረረችም፤ በሩ ጥሩ በር ነው ብቻ አለችኝ። እኔ ግን፣ ክቡር ሆይ፣ ሰሊጤን ሳላራግፍ ሰብስቤ፣ ልጄንና እናቷን ያራገፍኩ መስሎ ተሰምቶኛል።

፬. አሁን ደግሞ ምርቃቱ ደርሷል። አባት በቀኝ ትከሻ፣ እናት በግራ ትከሻ ላይ ማዕረጉን እንዲሰኩ፣ እናቷ በፋይል ለሌለች ሠልጣኝ ግን አካዳሚው አንዲት መኮንን እንደሚመድብላት አስታውቃችኋል። እናት እስከ መመደብ የደረሰ ቸርነት በአገራችን ታይቶ አይታወቅምና ምን ብዬ እንደማመሰግንዎ ቃል አጣሁ። ሮዳስ ግን የምስጋና ነገር አይገባትም። ስትደውል ነገርኳት፤ «አባዬ፣ ግራ ትከሻዬ ባዶውን ይመረቃል እንጂ ሌላ ሰው አያስነካም» አለችኝ። ልጄን አውቃታለሁ፤ ያለችውን ታደርጋለች። በሰልፍ መሃል ትእዛዝ እምቢ ያለ ዕጩ መኮንን ምን እንደሚደርስበት ደግሞ እርስዎ ከእኔ ይበልጥ ያውቁታል። ያን ሁሉ ዓመት የለፋችበት በአንዲት ትከሻ እንዳይቀርባት እፈራለሁ፤ ማታ ማታ እንቅልፍ የሚነሳኝ ይኸው ነው።

ስለዚህ የምለምነው ትንሽ ነገር ነው፤ በፋይሉ ላይ ከኔ ስም ሥር አንድ መስመር ጨምረው «ኩብራ፣ የጡት እናት» ብለው ይጻፉልኝ። ብዕር ቢያልቅብዎ እልካለሁ፤ ብዕር አይቀመስም።

ቀንዎ ከባለጉዳይ የራቀ፣ ወንበርዎ የጸና፣ ደንብዎ ከሰው ሁሉ በላይ የተከበረ ይሁን እያልኩ፣ መልስዎን ከማሳዬ ዳር ሆኜ በትዕግሥት የምጠባበቅ፣ በፋይል የታወቅሁ ወላጅ፣

ባየልኝ ፈረደ
ከኮኪት

ከጽሑፍ በኋላ፦ ልጠቅስ የረሳሁት አለ። የቀኙ ጡት ልጅ ኡመይር አምና ለወታደርነት ተመልምሎ ሄዷል። ሊወስዱት የመጡት ሰዎች ኩብራን መውለዷን አልጠየቋትም፤ ፋይልም አልገለጡም። «እናታችን፣ መርቂልን» ብለው ፊቷ ቆሙ፤ እሷም መረቀቻቸው። ልጅ ስትሰጥ እናት የነበረች ሴት ልጅ ልታይ ስትመጣ በምን ምክንያት ባዳ እንደምትሆን ጠይቃኛለች። በምርቃቱ ቀን በማለዳ ከበሩ ትገኛለችና፣ እባክዎ ወጥተው እርስዎ ይንገሯት።