ጥበቃውን ያጠፋሁት እኔ ነኝ

ሰኞ፣ ጥር 4። ጠዋት 3፡20

ፍተሻው አለቀ፣ ደብተሬ። የቢሯችን ኮምፒውተር አንጎል፣ የፕሮሰሰሩ ዝርዝር ላይ አራት ቦታ በቀይ «ተጋላጭ» ይላል። መከላከያ የለውም እንዳልል አለው፤ ጠፍቶ ነው። ያጠፋሁት ደግሞ እኔው። ክረምት ላይ አለቃዬ ጋሽ ደምሴ ማሽኗ በጥበቃው ምክንያት ተንቀረፈፈችብኝ ብለው ሲጮሁ፣ ታላቅ ናቸውና እምቢ ማለት ከበደኝ። «እሺ ይበልጣል ከሺህ» ብለው ያሳደጉኝ ይዩኝ።

ያለን አንድ ማሽን። ግማሹን የጎረቤት ማተሚያ ቤት ተከራይቶ ይሠራበታል። በእኛ ግማሽ የምናስጠልላቸው፣ ከባል ዱላ ያመለጡ ሴቶች ስም፣ የተሸሸጉበት ቤት አድራሻ። ጥበቃው ከጠፋ፣ በዚያኛው ወገን ያለ ክፉ ፕሮግራም የእኛን ሚስጥር ሊቃርም ይችላል።

ማክሰኞ፣ ጥር 5። 5፡00

ልመልሰው አልኳቸው። ሪፖርቴ ሳያልቅ እንዳትነኪ አሉ። ፕሮሰሰር ውስጥ ገብቶ የሚሰርቅ ሌባ ሐዋሳ ውስጥ አይተው አያውቁም። ደግሜ ስናገር ጠረጴዛውን በቡጢ። ኪቦርዱ ዘለለ። እኔም ዘለልኩ። ጥበቃውን ሳልነካ ወጣሁ።

ሐሙስ፣ ጥር 7። 8፡00

ካስጠለልናቸው አንዷ፣ ብርቱካን። ባሏ ታቦር ሰፈር የተሸሸገችበትን ቤት አገኘው። በሩን በመጥረቢያ ፈለጠው። ክንዷን ሰበረ፣ ሁለት ጥርሷን አወለቀ፣ የዘበኛውን ግንባር ተረተረው። ጎረቤት ባይደርስ ይገድላት ነበር። ግድግዳው ላይ ያለውን ደም አየሁት። አድራሻውን ከየት አገኘ? በእኔ ነው? ሌላ ነገር ማሰብ አልቻልኩም።

ዓርብ፣ ጥር 8። 4፡00

ከሆስፒታል መመለሴ። ባልየውን ፖሊስ ይዞታል። ብርቱካን ባበጠ አፏ ነገረችኝ፤ እናቷ ብትናፍቃት ደውላ ያለችበትን ነግራት ነበር። እናት ደግሞ አስታርቃለሁ ብላ ለአማቿ ነገረች። አድራሻው ከማሽኗ አልወጣም። እፎይ አልኩ፣ ወዲያው ራሴን ጠላሁ። የሌሎቹ ሴቶች አድራሻ አሁንም እዚያው ነው።

ያው ዕለት። 9፡15

ሳልጠይቅ መለስኩት። ጥበቃው እንዲሠራ ማሽኗ ጠፍታ መነሳት አለባት። ማተሚያ ቤቱን አስጠንቅቄ አጠፋኋት። የጋሽ ደምሴ ሪፖርት መሃል ላይ ተቋረጠ። መጡ። እንዳይነቅሏት ሶኬቱ ፊት ቆምኩ። በጥፊ አሉኝ! ከንፈሬ ተሰነጠቀ፣ ጆሮዬ ጮኸ። የተደበደቡ ሴቶች መጠለያ ፍለጋ በሚመጡበት ቢሮ፣ በር ተከፍቶ፣ ሰው እያየ። ንቅንቅ አላልኩም።

ማሽኗ ተነሳች። ደግሜ ፈተሽኩ፤ አራቱም ተሸፍነዋል። ደሜን በሻርፔ ጠረግኩና ለሴቶቹ የምንሞላውን ፎርም ከፈትኩ። የተጎጂ ስም፦ የራሴ። ጥቃት አድራሽ፦ ደምሴ። ጋሽ አላልኩም።

አትሜዋለሁ። ወደ ፖ/ጣቢያ እየሄድኩ ነው።