የእማዬ ድምፅ የጠፋው በእኔ ነው

ለተወደድሽው እህቴ ፈድሊያ፣

አሰላሙ አለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ። ይህ ወረቀት ከጅማ ዝናብ አምልጦ፣ የደማምን ሙቀት ችሎ እጅሽ ሲገባ በሙሉ ጤና ያግኝሽ። እንዴት ነሽ? ወገብሽስ እንዴት ነው፣ ያ ደረጃ መውጣትና መውረድ አሁንም ያምሻል? ምግብስ ተቀምጠሽ ትበያለሽ ወይስ እንደ ድሮሽ ቆመሽ ነው የምትጎርሺው? የምታስታምሚያቸው አሮጊትስ ተሻላቸው? እኛ ለአላህ ምስጋና ይግባውና ደህና ነን። ልጅሽ ሱሀይላ ደህና ናት፣ ቁመቷ ከበሩ መቀርቀሪያ አልፏል። የጓሯችን ቡና ዘንድሮ ጥሩ አድርጎ ቀልቷል። እማዬም ደህና ናት።

ይህን የመጨረሻውን እንደማታምኚኝ አውቃለሁ። ባለፈው መልእክትሽ እናቴ ሞታ ደብቃችሁኝ እንደሆነ በአላህ ንገረኝ፣ መርዶዬን ከሰው አፍ አታሰማኝ ብለሽ ጻፍሽ። አልፈርድብሽም፤ በባዕድ አገር ብቻዋን እንዳትደነግጥ እየተባለ በእኛ ሰፈር የስንቱ ሞት ከስንቷ ተደብቋል። ድምጿን ላክልኝ ስትይኝ ጉሮሮዋን አሟታል አልኩሽ። በቪዲዮ ላያት ስትይኝ ኔትወርክ የለም አልኩሽ። ፎቶ ስልክልሽ ይሄ የአምናው ነው አልሽኝ። እውነትሽን ነው፣ የአምናው ነበር።

ስለዚህ አስቀድሜ ልማልልሽ። ወላሂ እማዬ በሕይወት አለች። ይህን ስጽፍ በረንዳው ላይ ተቀምጣ ጎመን እየቀነጠሰች ነው። ድምጿ ወዳንቺ መምጣት ያቆመው በበሽታ አይደለም፣ በእኔ ነው። በስልክ ልነግርሽ ስንት ጊዜ ሞክሬ አፌ ተያዘ። አሁን ፊርዶስ ለእረፍት መጥታ ወደ ደማም ስለምትመለስ በእሷ እጅ ልኬልሻለሁ። በወረቀት ሲሆን ቢያንስ ስታለቅሺም ሆነ ስትሰድቢኝ አልሰማም። ፈሪ መሆኔን ድሮም ታውቂዋለሽ።

ከሥሩ ልንገርሽ። አንቺ ለትምህርቱ ብለሽ በላክሽልኝ ላፕቶፕ ጌም እንደምጫወት ታውቂያለሽ። የከዋክብት ጦርነት ጌም ነው። ተጫዋቹ የአንድ ሕዝብ መሪ ይሆንና ፕላኔት እያቀና፣ መርከብ እየሠራ፣ ከሌሎች ሕዝቦች ጋር አንዴ እየታረቀ አንዴ እየተዋጋ ሰማዩን ለመያዝ ይታገላል። የጌሙ ባለቤቶች ከሠሩት ላይ ደግሞ እንደ እኔ ያለው ወዳጁ የራሱን ሕዝብ፣ የራሱን መርከብ፣ የራሱን ታሪክ ሠርቶ ይጨምርበታል። ያንን ሞድ ይሉታል። ማንም አይከፍልበትም፣ ለፍቅር ነው የሚሠራው። ለሙገሳም ነው፣ አልዋሽሽም።

እኔ የሠራሁት ሕዝብ የእኛ አገር ሰው ነበር። መርከቦቹን በቡና ፍሬ ቅርጽ፣ መሐላቸው ላይ ከነስንጥቃቸው፣ ኤልያብ ሣላቸው። ኤልያብ ከሐዋሳ መጥቶ እዚህ ዩኒቨርሲቲ የሚማር ጓደኛዬ ነው፣ እጁ ወርቅ የሆነ፣ ሳቅ የሚቀድመው ልጅ። ከዋክብቱን አጋሮ፣ ገራ፣ ሊሙ፣ ሰቃ እያልኩ ስም አወጣሁላቸው። ከሁሉም የራቀችዋን ኮከብ ፈድሊያ አልኳት። የእኔ ሰዎች ደግሞ ሳይመረቁ መንገድ አይወጡም። አንዲት እናት ቆማ ትመርቃቸዋለች፣ እነሱ አሚን ይላሉ፣ ከዚያ ነው መርከቡ የሚነሳው። ይህን ሳስብ አንቺ የሄድሽበት ቀን ነበር ፊቴ ድቅን ያለው። ሁሉ ነገር አልቆ ምርቃቱ ድምፅ ብቻ ቀረው።

እማዬ ስልክ መነካካት አይሆንላትም። ዓርብ ዓርብ የምትልክልሽን ምርቃት ስልኩን አፏ ሥር ይዤ የምቀዳላት እኔ ነበርኩ። ሁሉም ስልኬ ውስጥ ተቀምጠዋል። ከእነዚያ አንዱን አወጣሁ። ትዝ ይልሻል፣ ረመዳን ሊገባ ሲል የላከችልሽን፣ ግማሹ በኦሮምኛ ግማሹ በአማርኛ የሆነውን። ረቢ ሲ ሃ ኤጉ፣ እሱ ይጠብቅሽ፣ የረገጥሽው መሬት ይለምልም፣ የነካሽው ይባረክ እያለች ስትሄድ መሐል ላይ ሳሏ ያቋረጣት ነው። መጨረሻው ላይ እንደ ልማዷ ለኡመይርም ልቦና ይስጠው ብላ የሳቀችበት። የራሴን ስም ቆርጬ ጣልኩት። ሌላውን ሁሉ፣ ሳሉን ጭምር፣ እንዳለ አስገባሁት። አላስፈቀድኳትም። ብጠይቃት ምን እንደምትለኝ ስለማውቅ ነው ያልጠየቅኳት።

እስከዚህ ድረስ ያለው እንኳ ይቅር ይባል ይሆናል። ጥቂት ሰዎች ወደዱት። ብዙዎቹ ግን ሥራህ ያምራል፣ ሕዝብህ ግን እንቅልፍ ያመጣል፣ የሚመርቅ ጠላት ማን ይፈራል እያሉ ጻፉብኝ። እልህ ያዘኝ። በክረምቱ ሁለተኛውን ሞድ አወጣሁ። የእኛን ሰዎች ፕላኔት የሚውጡ አውሬዎች አደረግኳቸው። የእማዬን ድምፅ በኮምፒውተር አወፈርኩት፣ አዘገየሁት፣ ከጉድጓድ የሚወጣ አስመሰልኩት። መርከቦቹ ከተማ ሲያቃጥሉ የረገጥሽው መሬት ይለምልም የሚለው ይሰማል። ሳሉ ሲመጣ ፕላኔቷ ትፈነዳለች። በስምሽ የጠራኋት ኮከብም ስንት ጊዜ እንደነደደች እንጃ።

ዓለም ወደደው። ስሙን ከማላውቀው አገር ሁሉ እያወረዱ ተጫወቱት። ሳሉን ብቻ ቆርጠው መሳቂያ ቪዲዮ ሠሩበት። የጅማ ልጆች እንኳ ከየት እንደመጣ ሳያውቁ በባጃጅ ያስጮኹት ጀመር፣ መንገድ ላይ ሳሉን እያስመሰሉ እርስ በርሳቸው ይሳሳቁ ነበር። እኔ ደግሞ ደስ አለኝ። ፈድሊያ፣ ከሁሉ የሚያሳፍረኝ ይኼ ነው፣ ደስ ብሎኝ ነበር። ያ ሳል ከየት እንደመጣ እያወቅኩ። ቡና መጋዘን ውስጥ ተቀምጣ አቧራ እየዋጠች ፍሬ እየለቀመች እኔንና አንቺን ያሳደገችበት ሳል መሆኑን እያወቅኩ።

መስከረም ላይ አንድ ሐሙስ፣ በገበያው ቀን፣ እማዬና ጓደኛሽ ሳቢሃ ከእኛው ከጅማ መርካቶ ሲመለሱ ወደምሠራበት ሱቅ ጎራ አሉ። የጠሃ ስልክ መጠገኛ ነው፣ አንቺ ስትሄጂ ጨርቅ ይሸጥበት የነበረው ቤት። ሳቢሃ የመውለጃዋ ወር ደርሶ ስለነበር እማዬ በርጩማውን ለእሷ ሰጥታ ዘንቢሏን እንደያዘች በሩ ላይ ቆመች። ኤልያብ ውስጥ ሆኖ አዲስ የወጣውን የሞዳችንን ቪዲዮ ከፍቶ በትልቁ ስፒከር ለቀቀው። እማዬን አያውቃትም፣ ድምፁ የማን እንደሆነም አልነገርኩትም፣ አይፈረድበትም።

ያ ድምፅ ሱቁን ሞላው። ረቢ ሲ ሃ ኤጉ ሲል ሳቢሃ ሳታስበው እጇን ዘርግታ አሚን አለች። የረገጥሽው መሬት ይለምልም ሲል አሁንም አሚን አለች። ድምፁን ባወፍረው ባዘገየው አካሄዱን አልለወጥኩትም ነበር ለካ። በእማዬ ምርቃት የተዳረች ሴት የቱ ጋ አሚን እንደሚባል ጆሮዋ ያውቀዋል። ቀጣዩ አሚን አፏ ውስጥ ቀረ። ቀስ ብላ ዞራ እማዬን አየቻት። እማዬ የምታየው እስክሪኑን ነበር። እዚያ ላይ ከተማ ይነዳል።

ማነው ይኼ የሚናገረው ብላ ጠየቀችኝ። ከኢንተርኔት የተገኘ ድምፅ ነው፣ የማን እንደሆነ አይታወቅም አልኳት። እናቴን ፊቷ ቆሜ አላውቅሽም አልኳት ማለት ነው። ወዲያው ከስፒከሩ ሳሉ መጣ፣ ኤልያብም እንደ ልማዱ አብሮ እየሳለ አስመሰለ። የመንገዱ አቧራ ይሁን ድንጋጤው፣ እማዬንም በዚያው ቅጽበት ሳሏ ያዛት። ሻርፗን አፏ ላይ አድርጋ ልታፍነው ታገለች፣ እምቢ አላት። ያው ራሱ ሳል ነው። ኤልያብ የምትቀልድ መስሎት ሳቀላት። ከዚያ የእኔን ፊት አየና ሳቁ ደረቀ። ስፒከሩን ያጠፋው እሱ ነው፣ እኔ አልነበርኩም። እኔ የሆነ ስልክ ክዳን ይዤ ቆሜ ነበር።

ቤት ስገባ ትጮህብኛለች ብዬ ነበር። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። ያ ለልጄ የላኩት ነው፣ አንተ አድራሽ ነበርክ እንጂ ላንተ አልሰጠሁህም አለችኝ። ቀጥላም አደራ በላ አለችኝ። አደራ ጥብቅ ሰማይ ሩቅ ሲባል እየሰማሁ ነው ያደግኩት፣ እኔ ግን በሰማዩ ስጫወት አደራውን በላሁት። ከዚያ ቀን ወዲህ ስልክ አጠገቧ ሲመጣ አፏን ትዘጋለች። ፎቶም እምቢ፣ ቪዲዮም እምቢ።

ሳቢሃ በሰላም ወንድ ልጅ ተገላገለች። ስም ሲወጣለት እማዬ እንድትመርቅ መጥተው ለመኗት። ሰፈራችን ቦሳ ኪቶ ውስጥ ያለ እሷ ምርቃት ስም የወጣለት ልጅ ማን አለ? የሰው መሳቂያ በሆነ አፍ ልጅ አይመረቅም አለችና ከቤት ሳትወጣ ዋለች። ሱሀይላን ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ስትሸኛት እጇን አናቷ ላይ ታደርጋለች፣ ግን የሚንቀሳቀሰው ከንፈሯ ብቻ ነው። ልጅሽ አንገቷን ደፍታ ትጠብቃለች፣ አይሰማትም፣ ከዚያ በግምት አሚን ብላ ትሮጣለች። ይህን በየማለዳው ቆሜ አያለሁ።

ሞዱን ያኔውኑ አጠፋሁት። ግን ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፣ ሌሎች ቀድተውት ኖሮ ከአንዱ ሳስጠፋው በሌላው ብቅ ይላል። ይህ የእናቴ ድምፅ ነው፣ እባካችሁ ተዉት ብዬ ለተጫዋቾቹ ጻፍኩ። አንዳንዱ አፍሮ አጠፋ። አንዳንዱ ደግሞ የእናቴ መሆኑን ሲያውቅ ባሰበት። ኤልያብ ቤት ድረስ መጥቶ እግሯ ላይ ወደቀ። አንተ አላወቅክም ልጄ ብላ አንስታ ምሳ አበላችው። እኔም ወደቅኩ። ተነስ፣ ወለሉ እርጥብ ነው አለችኝ። ከእኔ ጋር ትበላለች፣ ልብሴን ታጥባለች፣ ትናንትም ሹራብህን ደርብ ብላኛለች። ግን በስሜ አትጠራኝም።

ያንቺን የመርዶ ጥያቄ ለእማዬ ማንበብ ፈርቼ ሰንብቼ ነበር። በመጨረሻ አነበብኩላት። ልጄ በቁሜ አልቅሳልኛለች አለችና ሻርፗን ፊቷ ላይ ጣለች። ከዚያ ወረቀት አምጣ፣ ወረቀት ድምፅ የለውም፣ እኔ የምልህን ብቻ ጻፍ፣ ከራስህ አንዲት ነገር እንዳትጨምር አለችኝ። ስለዚህ ከታች ያለው የእሷ ነው።

አስቀድሞ ግን የቤቱ ሰላምታ ይድረስሽ። ሱሀይላ ሁለት ጥርሷ ወልቆ ስለምታፍር ነው በቪዲዮ አልታይም ያለችው፣ አትቀየሚያት፣ ስትመጪ በሁለቱም ጉንጭሽ ትስምሻለች። ሳቢሃ ልጄን ሳታይው ጥርስ እንዳያበቅል ብላሻለች። ጠሃ እጅ ነስቷል። ኤልያብም ባታውቂውም ይቅርታ ለምንልኝ ብሎኛል።

እማዬ እንዲህ ብላሻለች። ልጄ ፈድሊያ፣ አለሁ። ስትሄጂ በሻርፕሽ ጫፍ የቋጠርኩልሽ ከጓሯችን ዛፍ የለቀምኩት ጀንፈል፣ ከነልጣጩ የደረቀ ቡና ነው፣ ይህን ከእኔና ካንቺ በቀር የሚያውቅ የለምና በዚህ እመኚኝ። ረቢ ሲ ሃ ኤጉ። የረገጥሽው መሬት ይለምልም። በሰው ቤት ሞገስ ይስጥሽ። እኔ ጋ ያደገችልሽ ልጅሽ እየጠበቀችሽ ነው፣ በሰላም መልሶ ያገናኛችሁ። የሳቢሃን ልጅ፣ ሳልመርቀው የቀረሁትን፣ ለወግ ለማዕረግ ያብቃው። ይህን ወረቀት የያዘችውን ፊርዶስን መንገዷን ጨርቅ ያድርግላት።

እዚህ ጋ ስትደርስ እስክሪብቶውን ይዤ ጠበቅኩ። ሁልጊዜ ከዚህ ቀጥላ ማንን እንደምትል ታውቂያለሽ። እማዬ ግን በቃ፣ እጠፈው አለችኝና ወደ ጎመኗ ተመለሰች። ያኔ ስሜን ከምርቃቷ ቆርጬ የጣልኩት ራሴ ነኝ፣ አሁን ያላለችውን ልጨምርበት አልችልም። አሚኑን አንቺ በይላት።

ወንድምሽ ኡመይር
ጅማ፣ ቦሳ ኪቶ
ኅዳር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.