ባለ አንድ ዓይኖቹ ቀዮች

ግንቦት 8 ቀን 2013
ሦስተኛዋ ዛሬ ገባች። ከውጫሌ፣ በአይሱዙ፣ ከሽንኩርት ጆንያ ጋር ተጭና። ድሮ ቡና ቤት በነበረ ግቢ ጓሮ ዶሮ ሲያድርባት ኖራለች። ጆተኒ ናት ብሎ የሚያምን የለም። ዘንጎቿ ዝገዋል፣ አንድ እግሯ የለም፣ ሜዳው ኩስ በኩስ… እኔ ግን ሳያት ልቤ ዝልል አለ። ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

ሚስቴ አገሬ በሩ ላይ ቆማ አየቻት።
"የሰው ባል ላም ይገዛል። የኔ ባል የዶሮ ቤት።"
"ጆተኒ ናት።"
"ሁለት አሉህ አይደል እንዴ?"
አሉኝ። የመርሳዋና የደሴዋ። ሳሎኑን ይዘውታል፤ እንግዳ ሲመጣ ምሳ የሚቀርበው እነሱ ላይ ነው። ሚስቴ እያጉረመረመች ሙቅ ውኃና ሳሙና ይዛ መጣች። ኩሱን አብረን ስንፍቅ ዋልን። ይቺን ሴት እወዳታለሁ። ፊት ለፊት ስለማይወጣኝ እዚህ ልጻፈው።

ግንቦት 15
"መርጌታ ከማኅሌት ወጥቶ ጆተኒ ይጠግናል" እየተባለ ይወራል አሉ። ይወራ። ማኅሌት አላጎደልኩ። የቤተ ክርስቲያኑን ግድግዳ ሥዕልም አላቋረጥኩ።

የልጅነት ጓደኛዬ እንድሪስ የራሱን ጆተኒ በጋሪ አስመጣት። መናኸሪያው አጠገብ ያለችውን፣ ከአባቱ የወረሳትን። ከልጅነቴ ጀምሮ ስንት ጊዜ የተሸነፍኩባት…
"ፊታቸው ጠፍቷል" አለኝ ተጫዋቾቹን እያሳየ። "መላእክት የምትስል ሰውዬ፣ ለነዚህም ፊት ስጣቸው።"
"ይሰጣቸዋል።"
"አንዱን እኔ ልሳል?"
"ብሩሼን አትነካም!"
ሳቀ። አውቆ ነው የሚነካካኝ።

ግንቦት 24
የእንድሪስ ጆተኒ አለቀች። ዘንጎቹን በብርጭቆ ወረቀት አሽቼ ግራሶ ቀባኋቸው። እግራቸው የተሰበረ ተጫዋቾችን ከአሮጌ መቋሚያዬ በቆረጥኩት ወይራ ጠገንኳቸው። (ይህን ለካህናቱ አልናገርም።) ሰማያዊና ቀይ ማሊያ፣ ፀጉር፣ አፍንጫ፣ ዓይን። ኮራሁ።

እንድሪስ ጎንበስ ብሎ አየ። ዞሮ በዚያ በኩል አየ።
"ወላሂ መርጌታ፣ ቀዮቹ ምን በደሉህ?"
"ምን ሆኑ?"
"አንድ አንድ ዓይን ነው ያላቸው።"
አየሁ። እውነቱን ነው። ሰማያዊዎቹ ፊት ለፊት፣ ሁለት ሁለት ዓይን። ቀዮቹ በሙሉ ወደ ጎን የዞሩ፣ አንድ አንድ ዓይን። እኛ ጋ ጻድቁ በሁለት ዓይን ነው የሚሳለው፣ ክፉው በአንድ። ሠላሳ ዓመት እንዲያ የሳለ እጅ ሁለት ወገን ሲሰጡት ሳይጠይቀኝ ፈረደ።
"ላስተካክላቸው" አልኩ።
"ተዋቸው ባክህ! ቀዮቹ የኔ ናቸው። ባንድ ዓይን እያየሁም አሸንፍሃለሁ።"

ግንቦት 26
አሸነፈኝ።

ሰኔ 20
መናኸሪያው ጋ ቀዮቹን የሚይዝ ሰው ጠፍቷል። "ሰይጣኖቹን አልይዝም" ይላሉ። እንድሪስ ብቻ ይይዛቸዋል፣ ሁሉንም ያሸንፋል። ላስተካክላቸው ስለው እንደገና እምቢ አለኝ።

ነሐሴ 9
ጦርነቱን ሸሽቶ ከወልድያ በኩል የሚመጣው ሰው መንገዱን ሞላው። ፍራሽ የተሸከመ፣ ፍየል የሚጎትት… ሦስቱ ጆተኒዎች ላይ ሳንቃ ዘርግተን ሰው አሳደርንባቸው። አገሬ "ለካ ይጠቅማሉ" አለች። ከገዛኋቸው ጀምሮ የመጀመሪያ ምስጋናዬ ነው።

ጥቅምት 17 ቀን 2014
የከባድ መሣሪያው ድምፅ ቀርቧል። እንድሪስ ባለቤቱን ዋሲላንና ልጆቹን ይዞ ሊወጣ ነው። ከመሄዱ በፊት ጆተኒዋን እየገፋ አመጣት።
"እኔ ጋ ምን ያቆያታል?" አልኩት።
"ካንተ ሌላ ማን ጋ ላስቀምጣት? አደራ።"
"ብትሰበርስ? ብትቃጠልስ? ቤቴ ቢፈርስስ?"
"አብሽር። አንተ ካለህ አለች።"
ከእኛ ጋር ውጡ አለን። የአገሬ ጉልበት ከበሩ እስከ ጓሮ እንኳ በመከራ ነው። እሷን ትቼ የት ልሄድ? ተቃቅፈን ቆምን። ሽማግሌ ሆነን አለቀስን።

ጥቅምት 23
ገቡ። መብራት የለም። ስልክ የለም። እንድሪስ የት ደረሰ?

ኅዳር 4
እንጨት አለቀ። ከአምባሰል በአህያ የሚያመጡልን ሰዎች አይወርዱም። ምድጃው በመብራት ነው፣ መብራቱም የለም። አገሬ ገብሱን በጥሬው ዘፍዝፋ ዋለች። ማታ ዓይኗ ጆተኒዎቹ ላይ ሲያርፍ አየሁ። ሐሳቧ ገባኝ።

የመርሳዋን ፈታሁ። ብሎን በብሎን። ልሰብራት አልቻልኩም… መጀመሪያ የገዛሁት እሷን ነበር።

ኅዳር 10
የደሴዋም ሄደች። ግራሶ የጠጣ እንጨት ጥሩ ይነዳል። ስንት ዓመት ቀባኋት! ቆሎው ግን ጣፈጠ። ደስ አይልም?

ኅዳር 14
ከነሱ አንዲት ልጅ ውኃ ልትጠይቅ ገባች። አማርኛዋ ሰባራ ነው። ጠመንጃዋ ከትከሻዋ አልወረደም። ፈራሁ። ጠጥታ ልትወጣ ስትል የእንድሪስን ጆተኒ አየች፤ ፊቷ ሌላ ሰው ሆነ።
"እኛ ሰፈር ነበረ" አለች። ጠመንጃውን ግድግዳው ላይ አስደገፈችው። "እማማ፣ ይጫወቱ?"
አገሬ በሕይወቷ እጀታውን ነክታ አታውቅም። ተነሳች! ወንበር ላይ ተቀምጣ ሰማያዊዎቹን ያዘች። ለልጅቷ የቀሩት ቀዮቹ ናቸው።

ተጫወቱ። ሳቁ። ኋላ ልጅቷ ጎንበስ ብላ የቀዮቹን ፊት አየች።
"ለምን አንድ ዓይን?"
"ቀለም አልቆብኝ ነው" አልኩ።
"ያሳዝናሉ" አለች፣ ጠመንጃዋን አንስታ ሄደች።

"ዋሸሃት" አለችኝ አገሬ።
ዋሸሁ። ምን ልበላት? የክፉ ሰው አሳሳል ነው ልበላት? ባለ ጠመንጃ ናት፣ ከተማዬን ይዛለች፣ ተናድጃለሁ። ደግሞ ልጅ ናት። መናደዱም ማዘኑም አለብኝ። እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ኅዳር 16
ከጥላሸት ቀለም በጠበጥኩ። ለመጻሕፍት እንደማዘጋጀው። ለቀዮቹ አንድ በአንድ ሁለተኛ ዓይን ጨመርኩላቸው። ጎን የዞረ ፊት ላይ ሁለተኛ ዓይን ማስገባት መከራ ነው፤ አፍንጫውን ፍቄ እንደገና ሳልኩት። አስሩ አለቁ። በረኛውን ተውኩት። ቀዮቹ የእንድሪስ ናቸው፣ ሳልጠይቀው ሁሉንም መንካት ከበደኝ። አንዱን ራሱ ይየው።

ኅዳር 20
የውጫሌዋ። ባለ ዶሮዋ። አገሬ እሳቱ ፊት ተቀምጣ አለቀሰች። "ኩሷን የፋቅኩላት እኮ እኔ ነኝ" አለች።

ኅዳር 25
ምንም የሚነድ የለም። አገሬ ብርዱ አጥንቷ ውስጥ ገብቷል፣ ትንቀጠቀጣለች። ከሳሎኑ የቀረችው የእንድሪስ ብቻ ናት።
"እሷንስ?" አለች ቀስ ብላ።
"አደራ ናት።"
"እንድሪስ በሕይወት መኖሩን በምን አወቅን?"
መዶሻውን አንስቼ ጆተኒዋ ፊት ቆምኩ። ቆምኩ… በረኛው ባንድ ዓይኑ ያየኛል። ዞርኩና መኝታ ቤት ገባሁ። የአልጋችንን ራስጌ ነቀልኩ፣ ቀጥሎ ግርጌውን። የተጋባን ዕለት የተኛንበት አልጋ ነው።
አገሬ አየችኝ። አደራ በላ አትሁን አላለችም፣ መሬቱስ አይበርድም ወይ አላለችም… "ፍራሹን ወደ እሳቱ አስጠጋው" ብቻ አለች።

ኅዳር 28
ወጡ። የእኛዎቹ ገቡ። እልልታ፣ ለቅሶ፣ ሁሉም ባንድ ላይ። ያቺ ልጅ የት ትሆን? መጠየቄ ራሱ ገረመኝ። ከእንድሪስ ወሬ የለም።

ታኅሣሥ 4
መናኸሪያ ሄድኩ። ከኮምቦልቻ የመጣውን ሁሉ ጠየቅሁ። ማንም አላየውም።

ታኅሣሥ 11
መጣ!

ከስቷል፣ ጢሙ ነጭ ሆኗል። ዋሲላና ልጆቹ ደህና ናቸው፣ ሐርቡ ዘመድ ጋ አሉ። ሳሎን ገባና ዙሪያውን አየ። ባዶ። መሐል ላይ የሱ ጆተኒ ብቻ።
"ያንተዎቹስ?"
አገሬ ቀደመችኝ። "በላናቸው" አለች።
በመኝታ ቤቱ በር ወደ ውስጥ አየ። መሬት ላይ ያለውን ፍራሽ አየ። ከዚያ ጆተኒዋ ላይ ተደግፎ እንደ ሕፃን አለቀሰ። "እንጨት እኮ ናት! እንጨት! ለምን አትሞቁባትም ነበር?" እያለ ይቆጣኛል። አብሬው አለቀስኩ።

ፊቱን ጠርጎ ቀዮቹን አያቸው።
"እነዚህን ማን ነካቸው?"
የልጅቷን ነገር ነገርኩት። ሰምቶ ራሱን ነቀነቀ። ቤቱ ተዘርፏል፣ መናኸሪያው ያለችው ሱቁ ተሰብራለች፤ ሊቆጣ ይችል ነበር።
"በረኛውስ?"
"እሱን ላንተ ተውኩት" አልኩና ብሩሹን ዘረጋሁለት።
እጄን አየ። ብሩሹን አየ። "እኔን? ብሩሽህን?"
"ጀባ፣ እንካ። እንዳትበላሽ ያዛት።"

ምላሱን አውጥቶ፣ ትንፋሹን ይዞ ሳለ። ዓይኑ ትልቅ ሆነ፣ ጠማማ ሆነ፣ ወደ ላይ ሸሸ፣ ግንባሩ ሊደርስ ነው። አገሬ ጉልበቷን ይዛ ሳቀች። ከጥቅምት ወዲህ እንዲህ ከልቧ ስትስቅ አልሰማሁም።
"አስተካክለው በቃ" አለኝ እንድሪስ አፍሮ።

ሠላሳ ዓመት ጠማማ ዓይን አይቼ ማለፍ አልችልም ነበር። ቀለሙን ከደንኩት።
"ኳሷን ጣል" አልኩት።
ተሸነፍኩ።