ስለ አንድ ማንቆርቆሪያ ውሃና ስለ አቦይ መብራህቱ ቀኝ እጅ

ይድረስ በኦስሎ፣ ቬስትሊ፣ ለምንኖርበት ቦረትስላግ፣ ማለትም የቤቶች ማኅበር፣ የቦርድ ሊቀመንበር፤

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ እንደምን ሰንብተዋል እላለሁ። ጉልበትዎ፣ ወገብዎ፣ በተለይም ያንን ሁሉ ማስጠንቀቂያ ሲፈርም የከረመው ክንድዎ ደኅና ነውን? እኛ ዘጠነኛ ፎቅ ያለነው፣ ከብርዱና ከእርስዎ ደብዳቤዎች በስተቀር፣ አልሐምዱሊላህ ደኅና ነን።

ስሜ ሐቢባ ይባላል። እርስዎ የሚያውቁኝ በቤት ቁጥሬና በመኪናዬ ታርጋ ስለሆነ ስም እንዳለኝ ማሳወቁ አይከፋም ብዬ ነው። ይህን ደብዳቤ በአማርኛ መጻፌ ከንቀት እንዳይቆጠርብኝ እለምናለሁ። እርስዎ ላለፉት አሥራ ሰባት ዓመታት የላኩልኝን ሁሉ በኖርዌጅኛ አንብቤ፣ ያልገባኝን ጠይቄ፣ በገባኝም ተቀጥቼ ኖሬያለሁና፣ አንድ ጊዜ ደግሞ እርስዎ ተርጓሚ ፍለጋ ቢወጡ ፍትሐዊ መሰለኝ። ያም ሆኖ ልጄ ሩሚሳ ወደ ኖርዌጅኛ መልሳልኝ ሁለቱም ጎን ለጎን ሊፍቱ አጠገብ ይለጠፋሉ። የእሷ ትርጉም ከእኔ ጽሑፍ ይልቅ ጨዋ መሆኑን ነግራኛለችና፣ እውነቱን የፈለገ ጎረቤት አማርኛ የሚችል ሰው ይፈልግ።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ነገሩን ለማያውቁት ባጭሩ ላስረዳ። ከእኔ በር ፊት ለፊት አቦይ መብራህቱ የሚባሉ የሰባ ስምንት ዓመት ኤርትራዊ አባት ይኖራሉ። ባለቤታቸው አደይ ፉርቱና የመርሳት ሕመም ይዟቸው ከከተማው ወዲያኛው ጫፍ፣ ሆልምሊያ፣ ሲኬየም በሚባለው የሕሙማን መንከባከቢያ ቤት ውስጥ ናቸው። ኖርዌጅኛው ከአእምሯቸው ወጥቷል፤ የልጆቻቸው ስምም ወጥቷል። ማንኪያ ሲቀርብላቸው ይገፉታል። የሚበሉት ባለቤታቸው በእጃቸው ሲያጎርሷቸው ብቻ ነው። ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ፣ በእናንተ አቆጣጠር አሥር ሰዓት መሆኑ ነው፣ አቦይን በመኪናዬ ይዤ እሄዳለሁ፤ አጉርሰው ሲጨርሱ መልሼ ካደረስኳቸው በኋላ ኦከርን ወዳለው ሆቴል፣ ኩሽና ወደምሠራበት እገባለሁ። በቀሩት ቀናት ልጃቸው ኪሮስ ከሥራው እየተሟሟተ ያደርሳቸዋል። እንግዲህ የመኪናዬ ጉዳይ የአንዲት አሮጊት ምሳ ጉዳይ ነው። አሁን ምስጋናዬን፣ እርስዎ በሚወዱት አጻጻፍ፣ በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ። ከሦስት ዓመት በፊት ባሰራጩት ደብዳቤ ሁላችንም ወደ ኤሌክትሪክ መኪና እንድንዞር ስለመከሩን ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው። በዚያ ምክር ተነሥቼ፣ በከባድ ብርድ እያሳለችም ቢሆን የምትነሣውን አሮጌ የናፍጣ መኪናዬን ሸኘሁና ያገለገለች ኤሌክትሪክ መኪና ያዝኩ። ሻጩ ሁለት መቶ አርባ ኪሎ ሜትር ትሄዳለች ብሎ ነበር፤ በበጋ ማለቱ እንደነበር የገባኝ ክረምት ሲመጣ ነው። ዛሬ ማሞቂያውን ከከፈትኩ ዘጠና ትሄዳለች፤ ስለዚህ አልከፍተውም። አቦይ ጋቢያቸውን ተከናንበው አጠገቤ ይቀመጡና የባትሪውን ቁጥር እየተከታተሉ ያነቡልኛል፤ አርባ አንድ፣ አርባ፣ ሠላሳ ስምንት። እሳቸው ማርያምን፣ እኔ ቢስሚላህን እንላለን፤ ቁጥሩ ለሁለታችንም ሃይማኖት ግድ ሳይሰጠው ይወርዳል።

ሁለተኛ። ቻርጀሮቹን እሳት ይነሣል ብለው ከጋራዡ አውጥተው ላይኛው ሜዳ ላይ፣ ነፋሱ ከአራቱም ማዕዘን በሚጠይቃቸው ቦታ ስላስተከሉልን አመሰግናለሁ። መቶ አርባ አባወራ፣ ስድስት ቻርጀር። ጋራዡ ውስጥ በለቀቅነው ቦታ ደግሞ የበጋ ወንበሮቻችን በሙቀት ከርመዋል። እንኳንም ወንበሮቹን ብርድ አልመታቸው።

ሦስተኛ። ለአንድ ሰው ሦስት ሰዓት የሚፈቅደውንና ተራችንን የሚነግረንን አፕ ስላስገቡልን። ለአንባቢ ግልጽ እንዲሆን፣ በከባድ ብርድ የእኔ መኪና የመጀመሪያውን ሰዓት ተኩል የምታጠፋው ባትሪዋን ስታሞቅ ነው፤ ልትጠግብ ስትል ጊዜው ያልቃል። አፑ ባዶ ቻርጀር አለ ብሎኝ ጫማዬን አጥልቄ ሜዳው ላይ ስደርስ ባዶ የተባለው ቻርጀር በረዶ ተቆልሎበት፣ መሰኪያውም ተሰውሮ አግኝቼዋለሁ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ የሚባለው በሀገራችን ተረት ነበር፤ እዚህ በስልክ ላይ አየሁት። በበኩሌ አካፋ ይዤ ጠርጌዋለሁ። በኅዳሩ ዱግናድም፣ እኛ ደቦ የምንለው ማለት ነው፣ አቦይ መብራህቱ በዚያ ዕድሜያቸው መጥረጊያ ይዘው ወጥተው ነበር፤ እርስዎ በላኩት ፎቶግራፍ ላይ ከጀርባዎ ይታያሉ።

አራተኛውን ለጊዜው ልለፈው፤ እርሱን ለመጻፍ ልቤ ገና አልጨከነም።

አምስተኛ። ጃንዋሪ ስድስት ማክሰኞ፣ ብርዱ ከዜሮ በታች አሥራ ዘጠኝ በነበረበት ጠዋት፣ ቫክትሜስተሩን፣ የግቢያችንን ጠባቂ ማለቴ ነው፣ ካሜራ አስይዘው ስለላኩልኝ። ተራዬ ሲያልቅ ገመዱን ልነቅል ብል በረዶ ነክሶት አልላቀቅ አለኝ። እዚህ ላይ ጥፋቴን አልክድም። እኔ የደሴ ልጅ ነኝ፤ ውርጭ የማውቀው ጦሳ ተራራ ሥር ነው፣ የደሴ ውርጭ ደግሞ ረፋድ ላይ ፀሐይ ሲያይ አፍሮ የሚሄድ ነው። ያንኑ አስቤ ወደ ቤት ሮጥኩና ውዱእ የማደርግበትን ማንቆርቆሪያ ለብ ያለ ውሃ ሞልቼ አመጣሁ፣ ቀስ አድርጌም መሰኪያው ላይ አፈሰስኩ። የኦስሎ ብርድ ግን ይሉኝታ አያውቅም። ውሃው እጄ ሥር እያየሁት በረዶ ሆነ፤ የሚነቀለውም የማይነቀለውም አንድ ላይ ተጋገረ። አቦይ ሻርፓቸውን ፈትተው ጠመጠሙበት፣ እኔ ዱዓ አደረግሁ፣ ቫክትሜስተሩ ፎቶ አነሣ። እርዳታ መስጫ ነው የተባለው ስልክ ላይ ደውዬ አርባ ደቂቃ ሙዚቃ ሰማሁ፤ የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም። ገመዱ ሲላቀቅ ከተራዬ ላይ ሦስት ሰዓት ከአርባ ደቂቃ አሳልፌ ነበር። በዚያ ቀን አደይ ፉርቱና ምሳ አልበሉም።

በሳምንቱ ውሳኔዎ ደረሰኝ። ከተራዬ በላይ በመቆየቴ ከቻርጀሩ የአሥራ አራት ቀን እገዳ፤ በማኅበሩ ንብረት ላይ ውሃ በማፍሰሴ ደግሞ እስከ ፌብሩዋሪ መጨረሻ የተራዘመ እገዳ። አራት ፎቶግራፍ ተያይዞበታል። በአንዱ ላይ የበረዶው ውፍረት በማስመሪያ ተለክቷል፤ በሌላው ላይ ማንቆርቆሪያዬ ብቻዋን ቆማ እንደ ወንጀለኛ ከፊትም ከጎንም ተነሥታለች። አያ ጅቦ ሳታመሃኝ ብላኝ ይባላል፤ እርስዎ ግን በማስረጃ አስደግፈው መብላትዎ የሠለጠነ አስተዳደር ምልክት ነው። ገመዱ በረዶ ይዞት እንጂ ወድጄ እንዳልቆየሁ ጽፌ ሳመለክት የሰጡኝን መልስ በቃሌ ይዤዋለሁ፦ ክረምቱ ለሁሉም እኩል ነው፣ ደንቡም ለማንም አይለይም።

የአደባባይ ፈጣን ቻርጀር እንድጠቀምም መክረውኝ ነበር። ተጠቅሜያለሁ። ከፊቴ ሰባት መኪና ተሰልፎ፣ ብርድ የመታው ባትሪዬም ቶሎ አልቀበል ብሎ፣ እኔ ተራዬን ስጠብቅ አቦይ ፌስታል ውስጥ የቋጠሩትን ምሳ በጋቢያቸው ሥር አቅፈው እንዳይቀዘቅዝ ሲያሞቁት ዋሉ። ሆልምሊያ ስንደርስ የምሳ ሰዓት አልፎ አደይ ተኝተው ነበር፤ እኔም ሥራዬ ላይ ዘግይቼ ደረስኩ። እንዲህ ሁለት ጊዜ ከሆነ በኋላ አቦይ ከእንግዲህ ወዲህ አላስቸግርሽም፣ በባቡር እሄዳለሁ አሉኝ። ተከራከርኳቸው፤ እምቢ አሉ። እገዳው የደረሰብሽ በእኔ ምክንያት ነው ብለው አምነው ነበር።

እንግዲህ የዘለልኩት አራተኛው ይህ ነው።

ክቡር ሊቀመንበር፣ ወደ ቻርጀሮቹ የሚወስደው መንገድ በየጠዋቱ ተጠርጎ ጠጠር ስለሚበተንበት እጅግ አመሰግናለሁ፤ በድረ ገጻችን ላይ ያለው ፎቶግራፍም ያምራል። ከደጃችን ወደ ሜትሮው የሚያወርደው ቁልቁለት ግን ቻርጀር የለበትምና ጠጠር አይደርሰውም። ጃንዋሪ ሃያ ሁለት ሐሙስ ጠዋት አቦይ መብራህቱ ምሳቸውን በግራ፣ ምርኩዛቸውን በቀኝ ይዘው ሲወርዱ እዚያው ተንሸራተው ወደቁ። ቀኝ እጃቸው ከአንጓው ላይ ተሰበረ። ከሐኪም ቤት ስንወጣ ያሉት ነገር ቢኖር ዛሬ ሐሙስ ነው፣ አልበላችም ነው።

በማግሥቱ ኪሮስ ወሰዳቸው። ቀኝ እጃቸው እስከ ጣታቸው ጄሶ ነውና በግራ ሊያጎርሷቸው ሞከሩ። አደይ አፋቸውን ገጥመው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። አገር የረሱ ሴት፣ የወለዷቸውን ልጆች ስም የረሱ ሴት፣ በግራ እጅ እንደማይጎረስ አልረሱም። ነርሷ መጥታ በማንኪያ ሞከረች፤ ኪሮስ በቀኝ እጁ ሞከረ፤ እምቢ አሉ። ቅዳሜ እኔ ከጎረቤት መኪና ለምኜ ሄድኩና ቁራሹን በቀኝ እጄ ያዝኩ፤ አቦይ በግራ እጃቸው አንጓዬን ይዘው እጄን ወደ አደይ አፍ አቀረቡት። አደይ መጀመሪያ የባለቤታቸውን ፊት አዩ፣ ቀጥሎ እጄን አዩ፣ ከዚያ አፋቸውን ከፈቱ። አሥራ አንድ ጉርሻ በሉ። ቆጥሬዋለሁ። አቦይ እያለቀሱ ነበር፤ እኔም አላቃሽ አላስፈለገኝም።

ኪሮስ በእኔ ቦታ ሞክሮ በግማሹ ይሳካለታል፤ አንዳንድ ቀን ይቀበሉታል፣ አንዳንድ ቀን አይቀበሉትም። የእኔን እጅ ግን እስካሁን እምቢ ብለው አያውቁም። ሲኬየሙ ባለፈው ወር ሦስት ኪሎ እንደቀነሱ ነግሮናል። ጄሶው የሚፈታው ማርች ውስጥ ነው። እስከዚያ ድረስ የዚህች የኩሽና ሠራተኛ ቀኝ እጅ በሳምንት ሦስት ቀን ሆልምሊያ መድረስ አለበት። የጎረቤት መኪና ሁልጊዜ አይለመንም፤ የእኔው ደግሞ ሜዳው ላይ በረዶ ለብሳ ቆማለች።

ስለዚህ ጥያቄዬ አጭር ነው። እገዳዬ ይነሣ። ከዜሮ በታች አሥር ዲግሪ ሲያልፍ የሦስት ሰዓቱ ገደብ ወደ ስድስት ይራዘም፤ ገመድ በረዶ የያዘበት ሰው ጥፋተኛ ተብሎ ፎቶ ከመነሣቱ በፊት ቫክትሜስተሩ ይርዳው። ቁልቁለቱ ላይ ጠጠር ይበተን። ይህንኑ ለጠቅላላ ጉባኤው በጽሑፍ አስገብቻለሁ፤ እስካሁን ከአርባ ሦስት ቤት ፊርማ ተሰብስቧል፣ ፊርማውን በር ለበር ያሰባሰቡትም አቦይ መብራህቱ ናቸው። የራሳቸውን በግራ እጅ ስለፈረሙ አይነበብም ተብሎ ውድቅ እንዳይደረግ ከወዲሁ አሳስባለሁ።

ለጤናዎ፣ ለቤተሰብዎና ለባትሪዎ ረጅም ዕድሜ እየተመኘሁ፣ መልስዎን እንደ ወትሮው በአራት ፎቶግራፍ አስደግፈው እንደሚልኩልኝ በመተማመን፣ በታላቅ አክብሮት እሰናበታለሁ።

ሐቢባ፣ ከዘጠነኛ ፎቅ፤
የማንቆርቆሪያዋ ባለቤት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ደብዳቤ ልለጥፍ ስል በመስኮት ወደ ሜዳው ተመለከትኩ። ዛሬ ከዜሮ በታች አሥራ ሰባት ነው። የእርስዎ መኪና ከጠዋት ጀምሮ ሦስተኛው ቻርጀር ላይ ተሰክታለች፤ ሦስት ሰዓትዎ ካለፈ ሃምሳ ደቂቃ ሆኖታል፣ እርስዎም አጠገቧ ጎንበስ ብለው ገመዱን በሁለት እጅ ሲጎትቱ አይቻለሁ። ክረምቱ ለሁሉም እኩል ነው ሲሉኝ አላመንኩም ነበር፤ ይቅር ይበሉኝ። ፎቶግራፍ አላነሣሁም። ይልቅ አይድከሙ፣ ማንቆርቆሪያዬን ጥጃለሁ፣ ውሃው ለብ ሲልልኝ ራሴ ይዤልዎት እወርዳለሁ።