የመስኮቱ ጉርሻ

ሚያዝያ 19 ቀን 2012፣ ስካርቦሮ። በወረርሽኙ ምክንያት የእማዬ ወደ አገር ቤት መመለሻ በረራ ተሰርዟል።

እትዬ ሸዋዬ፣ ከነልጆችሽ ደህና ነሽ? እኔ አውቶቡስ ስነዳ ስለምውል፣ ለእማዬ ብዬ ቤት አልገባም፤ ደጃፍ ባቆምኩት ካምፐር፣ መኝታ ባለው መኪና ውስጥ አድራለሁ። የፋሲካ ዕለት ከሥራ ስመለስ ዶሮውን ይዛ ወደ መስኮቴ መጣች።

«ሳህኑን እዚያው አስቀምጪው» አልኳት።

«ደጅ ሳህን የሚቀመጥለት ውሻ ነው» ብላ እጇን ዘረጋች። ጎረስኩ፤ እጇንም ሳምኩ። ታጥቤ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ትንሽ አሳለኝ፤ አሁን ለቆኛል። እማዬ ግን ባለቤቴ ቲጂ የምትሠራው ወጥ ሁሉ ጨው የለውም ትላለች። ዛሬ ቡናም አልሸተታት።

ይህን የምጽፍልሽ መድኃኒት ቤት ወረፋ ይዤ ነው። አሁን ቲጂ ደወለች፤ «መድኃኒቱን ተወውና ቶሎ ና» አለችኝ። ልጆቹን ሳሚልኝ፤ ከወረፋው ወጥቻለሁ።

ወንድምሽ ማኑ